ከይቅርታ በፊት ስምና አድራሻ

የሥራ ልብሴን ከሰቀልኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ዋይንድሃም ቬል ቤቴ ጓሮ ውስጥ ጎመን እየኮተኮትኩ ነው እንዳልል፣ ጎመኑን ጥንቸል ጨርሶታል። ልጄ ቤቲ ደግሞ «ዳድ፣ ጀስት ራይት ኢት» እያለች ነዝንዛ ገደለችኝ። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲህ ሆነን ነው የኖርነው። እንግዲህ ይኸው፣ ጻፍኩ።

ማቴዎስ እባላለሁ፤ ሜልበርን ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ጀልባ ነድቻለሁ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ታክሲ የሚነዳ ሐበሻ ሞልቷል፣ ባስም ትራምም የሚነዳ አለ፤ «ሐበሻና ውሃ ደግሞ መቼ ተዋወቁ?» ይሉኛል። የተዋወቅነውማ ጫሞ ሐይቅ ላይ ነው። የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፤ አዞ አፉን ከፍቶ ፀሐይ በሚሞቅበት ዳር፣ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጀልባ ላይ ነው ያደግሁት። አማርኛዬ ከጋሞኛዬ በኋላ የመጣ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ቢያነክስ እለፉኝ።

አንድ ነገር በኩራት ልናገር፤ ለጡረተኛ ኩራት ካልተፈቀደ ለማን ይፈቀዳል? በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ተሳፋሪ አልሞተብኝም። ግን አንድ ሰው ልገድል ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያውም በጀልባው አይደለም፣ በይቅርታ ነው።

ጀልባ መንዳቱን ማንም ይለምደዋል። ሙያ የሚታየው ከተጋጩ በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ነው። የዚህ አገር ሕግ ቋንቋው ደረቅ ቢሆንም ነገሩ አጭር ነው። ትቆማለህ። የተጎዳውን ትረዳለህ። ስምህንና አድራሻህን፣ የጀልባውን ባለቤትና ቁጥር ለሌላው ወገን ትሰጣለህ። ሰው ከተጎዳ ሳትውል ሳታድር ለፖሊስ ሪፖርት ታደርጋለህ። ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ይህ ግዴታ አይቀርልህም። ለፈተና ስቀመጥ ይህን ሁሉ ሸምድጄው ነበር፤ መሸምደድና ማወቅ ግን ለየቅል ናቸው።

ሥራውን ያስተማረኝ ኒኮ ነው። ኒኮ የግሪክ ሰው ነው፤ ዊሊያምስታውን ወደብ ላይ የአንዲት አሮጌ የቱሪስት ጀልባ ስኪፐር፣ ማለትም አዛዥ ነበር። እኔ ገመድ ያዥና ወለል አጣቢ ሆኜ ሥሩ ገባሁ። የሁለታችንም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ስለነበር እርስ በርስ በደንብ እንግባባለን፤ የማንግባባው ከአገሬው ሰው ጋር ነበር። ኒኮ አንገቱ ላይ በሲባጎ የታሰረ እርሳስ ያንጠለጥላል። «እስክሪብቶ ውሃ ሲነካው ይክዳል» ይለኛል። ከመነሳቱ በፊት ሰው ይቆጥራል፣ መንገድ ላይ ይቆጥራል፣ ሲደርስም ይቆጥራል። እኛ ቤት ሰው አይቆጠርም፤ እናቴ ልጆችሽ ስንት ናቸው ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ነበር የምትለው። ኒኮ ግን «ያልቆጠርከው ሰው ቢጎድል በምን ታውቃለህ?» ብሎ ከፊቱ አቁሞ ያስቆጥረኝ ነበር።

ጀልባዋ ምሰሶም ትንካ ተንሳፋፊ ግንድ፣ አሠራሩ አንድ ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ከማርሽ ያወጣል፤ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ካለ የሚቆራርጠው ከኋላ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ነውና። ቀጥሎ ሰዉን ያያል፣ ቀጥሎ የጀልባዋ ሆድ ውሃ አስገብቶ እንደሆነ ያያል፣ ከዚያ ሰዓቱን ተመልክቶ ይጽፋል። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ካለ ቁርስ ምን እንደበላ ይጠይቀዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ይጠይቀዋል፤ ከዚያም ደግሞ። መልሱ ከተለወጠ ወሬ የለም፣ አምቡላንስ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ይቅርታ አይጠይቅም፣ አይቆጣም፣ አይስቅም። መጀመሪያ ሳየው ልበ ደረቅ ሰው መስሎኝ ነበር።

አራት ዓመት ኒኮ ሥር ሠርቼ የራሴን ፈቃድ አወጣሁ። የወረቀቱን ጣጣና የደመወዙን ነገር ሁላችሁም ስለምታውቁት ልዝለለው። ማሪበርኖንግ ወንዝ ላይ ትንሽ የጉብኝት ጀልባ ተሰጠኝ። አለቃዬ በስልክ እንጂ በአካል የማይታይ ሰው ነበር። እኔም ስኪፐር ተብዬ ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ፤ የኩራቴ ነገር አይነሳ።

አንድ ቅዳሜ ተሳፋሪዎቼን አውርጄ ባዶ ጀልባ ይዤ ስመለስ፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ፀሐዩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፍጥነት መቀነስ ነበረብኝ፤ አልቀነስኩም። መልሕቁን ጥላ የቆመች ትንሽ የአሉሚንየም ጀልባ ያየሁት አጠገቧ ስደርስ ነው። ማርሽ ወደ ኋላ ብመታም አልዳንኩም፣ ጎኗን ገጨኋት። ብቻቸውን ተቀምጠው ዓሣ ያጠምዱ የነበሩት ሰውዬ ወደ ኋላ ተንጋለው ጭንቅላታቸውን የጀልባዋ ጠርዝ መታቸው።

«ወይኔ ጭንቅላቴን!» ሲሉ ሰማሁ። በአማርኛ።

ክው አልኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ተረፉ?» ብዬ ጮህኩ። እሳቸውም ባርኔጣቸውን ከጀልባዋ ወለል እያነሱ ቀና አሉና «አንተ ደግሞ ከየት የመጣህ ሐበሻ ነህ?» አሉኝ። ጋሼ ወርቁ ናቸው፤ ዌስት ፉትስክሬይ የሚኖሩ፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ፋብሪካ የሚሠሩ መካኒክ። ያኔ አንዳችን ሌላውን አናውቅም።

ጀልባዎቹን ዳር አስጠጋን። እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የእኔ ጉድ የሚጀምረው። ጋሞ አገር ሰው ተጣልቶ ወይም ተጎዳድቶ ሲገኝ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሃል ይገባል። ሣር ፊት ለፊቱ የተያዘበት ሰው እንቢ አይልም፤ ነውር ነው። አባቴ ከእነዚያ ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። እኔም እግሬ መሬት ሲረግጥ ጎንበስ አልኩና ከወንዙ ዳር ሣር ነጭቼ በሁለት እጄ ይዤ ጋሼ ወርቁ ፊት ቆምኩ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉ።

«ጋሼ፣ በአገሬ ወግ ይቅርታ እየጠየቅሁዎት ነው።»

ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው እንባ ሞላ። «በስተርጅና በሰው አገር ሣር ተይዞ ተለመንኩ» አሉና ትከሻዬን ሳሙኝ። ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባልን። ቀጥለው «ይህ ነገር በእኔና በአንተ ይቅር። ፈረንጅ መሃላችን አይግባ፤ እንጀራህም አይበላሽብህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ቁርስ ምን በሉ ብዬ አልጠየቅሁም። ሰዓቱን አልጻፍኩም። ከስማቸውና ከሥራቸው በቀር ምንም አልያዝኩም፤ ስልክ እንኳ አልተለዋወጥንም። በጉዞ መዝገቡ ላይ «ሰላም ዋልን» የሚል ነገር ጽፌ ቤቴ ገባሁ።

እውነቱን ልናገር። ከይቅርታው ሥር ፍርሃት ነበር። አዲሱን ፈቃዴን እንዳላጣ ፈርቼ ነበርና ይቅርታቸው እንደ ምሕረት ሳይሆን እንደ መደበቂያ ነው የጣፈጠኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእኔ ዓይነቱ ነው።

በሦስተኛው ቀን ፉትስክሬይ ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋ ለአንዲት ሴት «ወርቁ መካኒኩ እኮ ወድቀው ሆስፒታል ገቡ፤ ምን እንደነካቸው ሐኪሙም አላወቀም» ስትል ጆሮዬ ገባ። በርበሬውን ትቼ ወጣሁና ኒኮ ዘንድ ሄድኩ፤ ሁሉንም፣ ሣሩን ጨምሮ ነገርኩት። አልተቆጣም። የመኪናውን ቁልፍ አነሳና «ቀድሞ ሆስፒታል፣ ከዚያ ፖሊስ» አለ።

ጋሼ ወርቁ የተመቱትን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም። ቃል ቃል ነው ብለው። ባለቤታቸው ደግሞ ሐኪም ሲጠይቃቸው «ምንም አልመታቸውም» አሉ፤ የሚያውቁትን ነው የተናገሩት። ሰውየው አንደበታቸው ተይዞ ተኝተዋል፤ ሐኪሞቹ በሽታውን በሌላ በኩል ሲፈልጉ ግማሽ ቀን አልፏል። እኔ ገብቼ መቼ፣ በምን፣ የትኛው ጎን እንደተመቱ ስናገር ሐኪሟ ወዲያው ተነስታ ሄደች። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነበር። በዚያው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸውና ተረፉ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ መካኒክነታቸውም በዚያው ቀረ።

ፍርድ ቤት ቀረብኩ። ዳኛዋ መጋጨት ሰው ላይ የሚደርስ መሆኑን፣ የምትቀጣው ግን ዝምታዬን እንደሆነ ነገረችኝ። ፈቃዴ ለአንድ ዓመት ታገደ። ትክክል ነበረች።

ጋሼ ወርቁ ከሆስፒታል እንደወጡ ልጠይቃቸው ብሄድ ተቆጥተው ጠበቁኝ። የተቆጡት ስለገጨኋቸው አይደለም። «ታርቀን ነበር። ለማንም አይነገር ብለን ነበር። ቃልህን በላህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቃሌን ባልበላ ኖሮ እርስዎን አፈር ይበላዎት ነበር» አልኳቸው።

ሚስታቸውን ጠሩና «ለዚህ ሰውዬ ሻይ ስጪው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተኛ ነኝ።

ያን ዓመት ሰንሻይን ዌስት አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ነዳሁ። ኒኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ የጨውና የስኳር ዕቃውን ያጋጫቸውና «ቀጥል» ይለኛል። ምን አደርጋለሁ? ማርሽ፣ ሰው፣ ውሃ፣ ሰዓት፣ ስም። አንዷን ከሳትኩ ከመጀመሪያው። ባለቤቴ ሁለታችንም አብደናል ብላ ታልፈናለች። አንድ ቀን ተሰላችቼ «ይቅርታ መጠየቅ ታዲያ ኃጢአት ነው?» አልኩት። «ይቅርታ ጥሩ ነው» አለኝ ኒኮ፣ «ግን ሐኪም አይደለም። መጨረሻ ላይ ይምጣ።» ነፍሱን ይማርና፣ ያኔ ገባኝ።

ዓመቱ ሲያልቅ ማን ይቀጥረኛል ብዬ ሰጋሁ። ዊሊያምስታውን ጁሊ የምትባል የጀልባ ድርጅት ያላት ሴት ለኢንተርቪው ጠራችኝ። ፈቃድህ ለምን ታግዶ ነበር ስትለኝ ምንም ሳልደብቅ ተናገርኩ። አዳምጣ ስታበቃ «ሰኞ ጀምር» አለች። በኋላ ስጠይቃት «ሌሎቹ አመልካቾች ስተው አያውቁም፤ ሲስቱ ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ያንተን አውቃለሁ» ብላኛለች። ከዚያ በኋላ አዲስ ስኪፐር ሲመጣ ከአደጋ በኋላ ያለውን ክፍል የማስተምረው እኔ ሆንኩ። አንድ ጊዜ ካያክ የሚሉትን ጠባብ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ገጭታኝ ጥላኝ ሄደች ብሎ አንዷን ተማሪዬን ከሰሳት። ልጅቷ ሰዓቱን፣ የሰውየውን ስምና ለፖሊስ የደወለችበትን ደቂቃ ጽፋ ይዛ ነበርና ክሱ በአንድ ጠዋት ተዘጋ። ያን ቀን ከእሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ የጨፈርኩት።

ጡረታ ልወጣ አምስት ሳምንት ሲቀረኝ ቤተ ክርስቲያናችን ሽርሽር ቡክ አደረገች። ከዊሊያምስታውን ተነስተን ማዶ ሴንት ኪልዳ ዳርቻ፣ እዚያ ጥብስ፣ ጸሎትና መዝሙር። አርባ አንድ ሰው ቆጥሬ ጫንኩ። ፓስተር ኢዮብ አለ፣ ጋሼ ወርቁ አሉ፣ እትዬ አስካለ አሉ። እትዬ አስካለ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ ከሁሉ ቀድመው የሚያጨበጭቡ እናት ናቸው።

መሃል መንገድ ላይ አንድ ፈጣን ጀልባ ከግራ መጥቶ አፍንጫችን ሥር ሊያቋርጥ ሞከረ። ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ መታሁ። ጎኑን ጫር አድርገነው ቆምን፤ እኛ ግን ክፉኛ ተንገጫገጭን፣ መዝሙሩም ተቋረጠ። ማርሹን አወጣሁ። ቆጠርኩ፣ አርባ አንድ። የጀልባዋን ሆድ አየሁ፣ ደረቅ ነው። እትዬ አስካለ ግራ ጆሯቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፤ የብረት መደገፊያው መትቷቸዋል። ሰዓቱን ጻፍኩ። ለስድስት ሰዓት አምስት ጉዳይ።

«እትዬ፣ ቁርስ ምን በሉ?»

«ጨጨብሳ። ምነው፣ ራበህ?» አሉኝ። ሰው ሳቀ።

የፈጣኑ ጀልባ ባለቤት ጠጋ ብሎ እጁን አወዛወዘ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅርታ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ አይደል፣ በሉ ደህና ዋሉ ብሎ ሊሄድ ሞተሩን አንቀሳቀሰ። ፊቱን አየሁት። ያን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ የራሴ ነበር። «ስምህንና አድራሻህን ስጠኝ፤ የእኔንም ውሰድ» አልኩት።

ፓስተር ኢዮብ ትከሻዬን ነካ አደረገ። «ወንድም ማቴዎስ፣ ጌታ ጠብቆናል። ሰውየው ይቅርታ ጠይቋል፣ እኛም ይቅር ብለናል። ሕዝቡን አናስጨንቅ፤ ማዶ ሥጋው እየተጠበሰ ነው።»

«ልመለስ ነው ፓስተር። አምቡላንስም እጠራለሁ።»

ጀልባዋ ውስጥ ማጉረምረም ሆነ። እትዬ አስካለ ራሳቸው «ምንም ሳልሆን እኔን ሰበብ አድርገህ ሽርሽሩን ልታበላሽ?» አሉ። አንዱ ከኋላ «ጡረታው ደረሰና ፈሪ ሆነ» ሲል ሰማሁ። እውነት ለመናገር ለአፍታ አመነታሁ። ምንም ባይሆኑስ? የሃያ አራት ዓመት ስሜን በአርባ ሰው መሳቂያነት ልዘጋው ነው። አንድ ነገር ቢሆኑስ? እሳቸውን ላጣቸው ነው።

ያኔ ጋሼ ወርቁ ተነሱ። የማይታዘዛቸውን ቀኝ እጅ በግራቸው ይዘው ከፍ አደረጉት። «ይህን እጅ ታያላችሁ? እኔና ይህ ሰው ወንዝ ዳር ታርቀን፣ ተሳስመን፣ ነገሩን ቀብረን ነው የገባነው። እርቁ አምሮ ነበር። ጭንቅላቴን ግን ያየልኝ ሰው አልነበረም። ተዉት ሥራውን ይሥራ።»

የፈጣኑ ጀልባ ሰውዬ ስሙን፣ አድራሻውንና የጀልባውን ቁጥር ሰጠኝ፤ የእኔንም ጻፍኩለት። ሲጨርስ እጄን ዘርግቼ ጨበጥኩት። በሬዲዮ ለውሃ ፖሊስ ሪፖርት አደረግሁና አምቡላንስ ወደቡ ላይ እንዲጠብቀን ጠይቄ የጀልባዋን አፍንጫ ወደመጣንበት አዞርኩ። እትዬ አስካለን ደግሜ ጠየቅኋቸው። ጨጨብሳ አሉ፣ እያኮረፉ። ወደቡ ሲታየን ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

«ገና አልበላሁም» አሉኝ በለስላሳ ድምፅ። «እማዬ ልታመጣልኝ ሄዳለች።»

ፓስተር ኢዮብ የጀልባዋ ወለል ላይ ተንበረከከና እጃቸውን ያዘ።

አምቡላንሱ ቆሞ ጠብቆናል። ለሐኪሞቹ ወረቀቴን ሰጠኋቸው፤ የተመቱበት ሰዓት፣ የመታቸው ብረት፣ ጎኑ፣ ሦስቱ ጥያቄዎችና ሦስቱ መልሶች። ፓስተሩና እኔ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ ዋልን። እሱ ይጸልያል፤ እኔ ተነስቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሳለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ ወጣና በጊዜ ስለደረሱ ደሙ ሳይበዛ እንደቆመ፣ እንደሚድኑም ነገረን። ወረቀቱን የጻፈው ማን ነው አለ። እኔ ነኝ አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፤ ምን ላድርግ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። የውሃ ፖሊስ መርማሪዎችም በተራቸው መጥተው ጠየቁኝ፣ ወረቀቱን አዩት፣ ከእኔ በኩል የጎደለ ነገር የለም ብለው ፋይሌን ዘጉ። አንደኛው አዲስ ስኪፐሮችን የሚያስተምርበት ኮፒ ለምኖ ወሰደ።

የመጨረሻ ቀኔ ደርሶ ቁልፍ ሳስረክብ ጁሊ ስልክ ሰጠችኝ። እትዬ አስካለ ነበሩ። «አንተ፣ ሽርሽሬን ቆርጠህ ነው የመለስከኝ። እዳህን ሳትጨርስ ጡረታ የለም» አሉኝ። ጡረታዬን በአንድ ሺፍት አዘገየሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አርባ አንድ ሰው ቆጥሬ ጫንኩ። ውሃው ረግቶ፣ መዝሙሩ ደምቆ ሴንት ኪልዳ ገባን። ጥብሱ ተነሳ፣ ፓስተር ኢዮብ ምግቡን ሊባርክ እጁን አነሳ። እትዬ አስካለ ግን ቆይ አሉት። ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙና እኔን በጣታቸው አመለከቱ።

«ይህ ሰው ያን ቀን እሺ ቢላችሁ ኖሮ ዛሬ የምትበሉት ጥብስ ሳይሆን የእኔን ንፍሮ ነበር። አሁን ባርክ።»

ፓስተሩ ባረከ፤ እኛም በላን።